የግድ ገንፎ

ወለተኢየሱስ ገንፎ ስትገነፋ አጠገቧ ዝር የሚል አልነበረም። ኧረ ዝር ይበልና ጉዱን ይይ! ማማሰያውን ከድስቱ ሳታወጣ በዓይኗ ብቻ ገላምጣ ከጎጆው ታስወጣዋለች። ገብሱን ራሷ ትፈትጋለች፣ ራሷ ትቆላለች፣ ራሷ ትፈጫለች። ዱቄት የቋጠረ ገንፎ አንዴ ቀርቦላት ለሳምንት ያህል ስታወራው ከርማለች ይባላል። ያን ገንፎ የሠራችው ደግሞ የገዛ አማቷ ነበረች። ምን ታደርጓታላችሁ፣ ምላሷ እንደ እጇ ነው፤ ሁለቱም አያርፉም።

ትውልዷ ተጉለት ነው። ባሏ ኃይለመስቀል ወታደር ስለ ነበር፣ ወደ ባሌ ይዝመት ሲባል ድስቷን በጀርባዋ አዝላ፣ ወይንሸት የምትባል አንዲት ልጇን አስከትላ ከጓዙ ጋር ወረደች። ኃይለመስቀል የዋቤን ወንዝ ሳይሻገር ንዳድ ጣለው። ቀብራው ወደ ኋላ ትመለስ? ወዴት! መንገዱ ያስፈራል፤ የባሏ ርስት ደግሞ ገና ሳይቀበር በወንድሞቹ እጅ ገብቷል። ቢቸግር ጤፍ ብድር ነውና ልጇን ደምመላሽ ለሚባል ወታደር ድራ፣ አማቿን ተጠግታ፣ ከጦሩ ጋር ከዓመት በላይ ስትንከራተት ቆይታ ጎባ ደረሰች።

የዚያን ጊዜ ጎባ ከተማ እንዳይመስላችሁ። ኮረብታ ላይ የተቀለሱ ጎጆዎች፣ ዙሪያውን አጥር፣ አንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ ከላይ ደግሞ ከሳነቴ ደጋ የሚወርድ ብርድ፤ ይኸው ነው። ከሥሩ ካለው ወንዝ ማዶ የአርሲዎች መንደር አለ። መሬቱ ትናንት የእነሱ ነበር፤ ዛሬ ለወታደር ተደልድሎ ባለቤቶቹ ገባር ተብለዋል። ገብሱን ያመጣሉ፣ እንጨቱን ይፈልጣሉ፤ ሴቶቻቸው መጥተው ይፈጫሉ። ለደምመላሽ ከተመሩት ገባሮች አንዷ ሀዳ ከዲር የሚሏት ጠና ያለች ሴት ነበረች። የከዲር እናት ማለት ነው፤ በዚያ አገር ወላድ ሴት በልጇ ስም ትጠራለች። ወለተኢየሱስም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ «ሀዳ ከዲር፣ እንጨት! ሀዳ ከዲር፣ ገብሱን ድገሚው!» ስትል ኖራለች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ሰው ሁሉ እንዲያ ይል ነበር፤ እሷም አለች። እንዲህ ያለው ክፋት ነው የማይታየው።

ነገሩ የመጣው ወይንሸት ስትወልድ ነው።

ወይንሸት ከዚህ በፊት አንድ ወልዳ ነበር፤ ያውም በመንገድ ላይ፣ ጓዙ ሳይቆም፣ አንድ ዛፍ ሥር። የአገሩን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ሴት ስትወልድ የማርያም ገንፎ ይገነፋል፣ የሰፈር ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ እልል ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፣ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ገንፎው እስኪያልቅ ወንድ ደፍ አያልፍም። በዚያ መንገድ ላይ ግን ሴቶቹ ከፊት ቀድመው ሄደዋል። ወለተኢየሱስ ከስንቁ ዱቄት ቆንጥራ፣ በሦስት ድንጋይ ላይ ጥዳ አበላቻት። እልልታውንም ብቻዋን አለችው፤ የአንድ ሰው እልልታ ደግሞ ሲሰማ ሆድ ያባባል። ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ወይንሸት፣ «ማርያም ያልተጠራችበት ገንፎ ነው ልጄን ያስወሰደብኝ» ብላ ቁርጥ አድርጋ አምናለች። ትክክል ናት አይደለችም የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ልጅ የቀበረች እናት ግን በክርክር አትረታም።

ሁለተኛው ልጅ የተወለደው ደግሞ ጦሩ ወደ ጊኒር አቅጣጫ በወጣ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ጦር ሲወጣ ሴቱም ስንቅ ይዞ ይከተላል። በሰፈሩ የቀሩት ጥቂት የአጥር ጠባቂ ሽማግሎች፣ ቄሱ መምሬ ተክለማርያም፣ ወለተኢየሱስና መውለጃዋ የደረሰው ወይንሸት ብቻ ነበሩ። ምጡ ጠናባት። ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ደሟ ግን ብዙ ፈሰሰ። ፊቷ ነጣ፤ ጡቷን ሲይዙት ደረቅ ነው። ሕፃኑ ቅቤ ልሶ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጡጫውን እየጠባ ይነጫነጫል።

ወለተኢየሱስ ገነፋች። አቤት ያን ቀን የገነፋችው ገንፎ! መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤውን ከበርበሬ ጋር አፈሰሰችበት። በርበሬው ከተጉለት የመጣ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ብላ በጨርቅ ቋጥራ ያቆየችው። ሽታው ብቻ የሞተ ያስነሣል።

«በይ እንግዲህ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ አንዲት ብቻ ቅመሽልኝ» አለቻት።

«ከማን ጋር?» አለች ወይንሸት ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ከእኔ ጋር ነዋ! እኔ ሴት አይደለሁም?»

«ያን ጊዜም ካንቺ ጋር ነበር የበላሁት፣ እናቴ።»

ወለተኢየሱስ ገበታውን ይዛ ቆመች። ገንፎውን መልሳ እሳቱ ዳር አኖረችው። ወጣችና ከጎጆው ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ልጅቷ ካልበላች ወተት አይመጣም፤ ወተት ካልመጣ ሕፃኑ ያንኛውን ይከተላል፤ እንዲህ በደከመ ገላዋ ደግሞ እናቲቱም አትተርፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ገበታ ገንፎ ላይ ተንጠልጥሏል። ገንፎው ሞልቷል፤ ሴት ነው የጠፋው።

ሴትማ ከወንዙ ማዶ ሞልቶ ነበር። ወለተኢየሱስም አሰበቻቸው። ያሰበችበትን መንገድ ግን ስሙልኝና ፍረዱ፤ የጭቃ ሹሙን አስጠራችው። «የገባሩን ሴቶች በሙሉ ነገ ጧት ግቢዬ አድርስልኝ» አለችው። እሱም እሺ ብሎ እንደ ለመደው መንደሩን ዞሮ ጮኸበት። ሰው ለደስታው እንግዳ ሲጠራ እንደ ወፍጮ ሥራ በጭቃ ሹም ያስጠራል? ያስጠራል፤ ሌላ አጠራር ከረሳ ቆይቷላ።

በማግሥቱ ሴቶቹ መጡ። አንዷ እንጨት ተሸክማለች፣ አንዷ ገብስ፣ ሀዳ ከዲር ቅቤ በቅል ይዛለች። መጡና ቀጥታ ወደ ወፍጮው ሄደው ተንበረከኩ። ወለተኢየሱስ ተደናግጣ፣ «ኧረ ተነሡ! ፍጩ አላልኩም! ወደ ቤት ግቡ!» አለች። ጭቃ ሹሙ ተቀብሎ፣ «ግቡ ተብላችኋል!» ብሎ አምባረቀ። ገቡ፤ በግድግዳው ዳር ተደርድረው ቆሙ። ገንፎው ቀረበ። «ብሉ ተብላችኋል!» አለ ከውጭ ሆኖ። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ በጣታቸው ቆንጥረው፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊታቸውን ቋጥረው ዋጡ። «እልል በሉ» ሲባሉ ከመሐላቸው አንዲት ልጅ እግር አንዲት ቀጠን ያለች ድምፅ አወጣችና አፏን በእጇ ያዘች።

ወይንሸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ውሰጅልኝ፣ እናቴ» አለች። «ሰው ተገዶ እልል የሚልበትን የግድ ገንፎ አልበላም። ይህስ ከብቻ ይብሳል።»

ሴቶቹ ወጡ። ሀዳ ከዲር ግን ከደፉ ላይ ዞር ብላ አልጋውን አየች፤ ጡጫውን የሚጠባውን ሕፃን አየችው። ቅቤዋን አስቀምጣ ሄደች።

ወለተኢየሱስ ያን ቀን ስትወጣ ስትገባ ዋለች። ሕፃኑ ማልቀሱን እየቀነሰ መጣ፤ ልጅ የወለደ ሰው ያውቀዋል፣ የሚያስፈራው ልቅሶው ሳይሆን ዝምታው ነው። በነጋታው ጠዋት ነጠላዋን ለበሰችና ወደ በሩ አመራች። መምሬ ተክለማርያም ዳዊታቸውን ይዘው አጥሩ ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ወዴት ነው ብቻሽን?» አሏት።

«ወደ ማዶ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ጭቃ ሹሙን አትልኪውም?»

«ልኬ አይቼዋለሁ፣ አባ። እርስዎ ይልቅ ይጸልዩልኝ» አለቻቸውና ወረደች።

በሁለት ዓመት ውስጥ ወንዙን ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነበር። እስከዚያ ድረስ የማዶ ሰው ነው ወደ እሷ የሚመጣው። የሀዳ ከዲርን ቤት ጠይቃ ደረሰች። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ወተት ትንጣለች። ወለተኢየሱስን ስታይ ቅሉን አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ምን ላምጣ? እንጨት? ገብስ?» አለች። አማርኛዋን የለቀመችው ከወፍጮው ሥር ነው፤ አምጪ፣ ፍጪ፣ ድገሚ፣ ሂጂ። ከዚያ የዘለለውን ያስተማራት ሰው የለም፤ በጆሮዋ የቃረመችው ነው።

«ምንም። ምንም አታምጪ» አለች ወለተኢየሱስ፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ቀጥላም ከገበያ በቃረመችው ኦሮምኛ፣ ሲጠፋት በአማርኛዋ፣ ሲብስባት በእጇ ተናገረች። «ልጄ አትበላም። ወተት የላትም። በእኛ ዘንድ የአራስ ገንፎ ያለ ሴቶች አይበላም። አንዱ ልጅ እንዲያ ሆኖ ሞቶባታል።»

«ትናንት በላን እኮ» አለች ሀዳ ከዲር።

«ትናንት ታዛችሁ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እየለመንኩሽ ነው። በሞቴ።»

ሀዳ ከዲር ተቀመጠች። ቅሉን አንሥታ መናጥ ቀጠለች። ከዚያ በራሷ ቋንቋ፣ ወለተኢየሱስ እንድትከተላት ቀስ እያለች፣ «የልጅሽ ባል የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ዘምቷል። ወደ ጊኒር።»

«ማንን ሊወጋ?»

ወለተኢየሱስ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥር ትፈታ ጀመር።

«ከዲርን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለች ሀዳ ከዲር። «በየቀኑ ስሙን ትጠሪዋለሽ። አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። የት ነው ያለው?»

«እናንተ ከሰፈራችሁበት ኮረብታ ሥር ነው የወደቀው። ልትሰፍሩ የመጣችሁ ቀን። ጢሙ ገና አልወጣም ነበር።»

ወለተኢየሱስ እንጨት አምጪ ባለች ቁጥር፣ ገብሱን ድገሚው ባለች ቁጥር፣ ይህችን ሴት በሞተ ልጇ ስም ስትጠራት ኖራለች፤ እሷም አቤት እያለች ትመጣ ነበር። አፍራ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ለመሄድ ተነሣች። እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ ይለምናል? የራሷም ልጅ ትሙት፣ ሌላ ምን ይባላል!

«ቁጭ በይ» አለች ሀዳ ከዲር። «ቅቤው ገና አልወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«ቅቤው አልወጣም አልኩሽ። ትኩስ ቅቤ ነው ለአራስ የሚሆነው፤ ትናንት የሰጠሁሽ የግብር ነው።» አሁንም እየናጠች ነው፤ እንባዋ ግን በጉንጯ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። «እኛ ዘንድ ወለደች ከተባለ ሴት ሁሉ ይሄዳል። የማን ሚስት ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትናንት ወልዳለች ብትሉን ኖሮ ትናንት እንመጣ ነበር። እናንተ ግን ግቡ፣ ቁሙ፣ ብሉ አላችሁን።»

ወለተኢየሱስ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለቱም አለቀሱ፤ ምን ይደበቃል። ቅቤው እስኪወጣም አብራት ቆየች። ወለተኢየሱስ በኋላ ዘመኗ ስታወራው፣ ከኃይለመስቀል ቀብር ወዲህ ከሰው ጋር ሆና ያለቀሰችው ያን ቀን ብቻ ነው ትል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መጡ። እንጨት የያዘች የለችም። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ሲያገቡ የተሰጠቻቸውን ስንቄ የምትባል ቀጭን በትር እየያዙ፣ ከወንዙ ጀምሮ እየዘፈኑ ወጡ። መምሬ ተክለማርያም ዳዊቱን አጥፈው ብድግ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ አላዩም። ሀዳ ከዲር በትሯን በደፉ ላይ አጋደመችና ቀጥታ ወደ እሳቱ ሄደች።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ገንፎው ላይ ወተት ጨመረችበት! ማማሰያውን ከወለተኢየሱስ እጅ ወሰደችና፣ «እንዲህ አይደለም፤ ይቀጥን፤ አራስ ጉሮሮዋ ደርቋል» ብላ ታማስለው ጀመር። በበርበሬውም ላይ ፊቷን አጨፈገገችበት። ወለተኢየሱስ አፏ ተከፈተ፤ ተዘጋ። የተጉለት ሴት ሁሉ መቃብር ውስጥ ሳይገላበጥ አይቀርም። ግን ዝም አለች! ወለተኢየሱስ፣ ድስቷ ተነክቶ፣ ዝም አለች። «ማርቃ» አሏት ሴቶቹ እየሳቁ፤ በእነሱ አፍ ገንፎ ማርቃ ነው። እሷም «ማርቃ» አለች።

ዙሪያውን ተቀመጡ። ሀዳ ከዲር ከገንፎው ቆንጥራ፣ ትኩሱን ቅቤ አጥቅሳ፣ ቀድማ ራሷ በላች። ከዚያ ሌላ ጠቅልላ ወደ ወይንሸት አፍ አቀረበች። ወይንሸት አየቻት። ይህችን ሴት ሁለት ዓመት በወፍጮ ሥር አይታታለች፤ እንዲህ ሆና ግን አላየቻትም። አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ሁለተኛውንም ጎረሰች። እንባዋና ገንፎው አንድ ላይ ሲወርዱ ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ የጎጆው ክዳን እስኪነሣ። የአርሲ እልልታ ነው፤ ከተጉለቱ ይረዝማል፤ ማርያም ግን እንደ ሰማችው ወለተኢየሱስ አልተጠራጠረችም።

ወተቱ የዚያን ቀን አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። እነሱ ግን ጠዋት ጠዋት መጡ፤ ወተት ይዘው፣ ማር ይዘው፣ አንዳንዴም ባዶ እጃቸውን። ልጅ እግሮቹ ሲቀሩ ሀዳ ከዲር አልቀረችም። አንድ ጠዋት ሕፃኑ ጡቱን ይዞ ጎርጎር እያለ ሲውጥ ሰሙት። ሀዳ ከዲር ራሱን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ትፍ ትፍ ብላ መረቀችው። ወለተኢየሱስ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ተይ፣ ገንፎው ያርርብሻል» ብላ መለሰቻት።

ጦሩ የተመለሰው ዝናብ በሚያካፋበት ቀን ነበር። ደምመላሽ ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ፣ «ወይንሸት! ወይንሸት!» እያለ እየሮጠ ደረሰ። በሩ ላይ ሲደርስ በደፉ ላይ የተጋደመችውን በትር አያት፤ ቆመ። ስንቄ ምን እንደሆነች ያውቃል፤ ሴት ስንቄዋን ይዛ መሐል ከገባች የአርሲ ወንድ ጦሩን እንደሚጥል በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ወለተኢየሱስ ወጣችለት።

«አትገባም። ገንፎ ላይ ናቸው።»

«ቤቴ እኮ ነው!»

«ቤትህ ነው። ልጅህም ደህና ነው፣ ሚስትህም። ቁም።»

«እነማን ናቸው? ገባሮቹን ማን አዘዘልሽ?»

«ማንም አላዘዛቸውም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሀዳ ከዲር ናት። ልጇ ከዚህ ኮረብታ ሥር ነው የወደቀው፤ ልትሰፍሩ የመጣችሁ ቀን» አለችው።

ደምመላሽ የዚያን ቀን እዚያ ነበር። ፊቱ ምን እንደሆነ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፈው። ዝናቡ እየበረታ ሄደ። እሱ ቆሞ ጠበቀ፤ ሀዳ ከዲር ውስጥ ሆና ገንፎዋን ትበላለች። አልቸኮለችም። በድስቱ የቀረውን እንኳ በጣቷ ጠርጋ ላሰችው፤ የአራስ ገንፎ አይተርፍማ።

ከዚያ ወጣች። በትሯን አነሣች። ፊት ለፊቱ ቆማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ውሃ ከጢሙ ይንጠባጠባል። ሸሽቶ አላመለጣትም፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።

«ወንድ ነው» አለችው በዚያች በወፍጮ ሥር አማርኛዋ። «ጡት ይዟል። ሰው አይግደልብህ።»

ደምመላሽ አሜን ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አጣ። ሴትዮዋ አልጠበቀችውም፤ በዝናቡ ውስጥ ወደ ወንዙ ወረደች። አሜን ያለችው፣ በደፉ ላይ ቆማ፣ በእሱ ፈንታ ወለተኢየሱስ ናት።